ኮርኒሱ ላይ የነበሩት ጋሼ ወንድይራድ

ያን ዓመት ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤቱ የሚቀመስ ያጣ ሰው ከመሬት ተነስቶ አየር ላይ መንሳፈፍ ጀመረ። ጿሚዎች አልተነሱም፤ ማታ የሚቀምሱት አላቸውና። የተነሱት ማታም ነገም የሌላቸው ብቻ ናቸው። መጀመሪያ የታዩት ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩት ወይዘሮ ብርነሽ ነበሩ። አንሶላ ሊያሰጡ እጃቸውን ወደ ገመዱ ሲሰዱ እግራቸው ተከትሎ ሄደ። ጎረቤት በመሰላል አወረዳቸው። አንድ ሳህን ሽሮ በሉ፤ በእግራቸው ቆሙ፤ አንሶላውንም አሰጡት።

«ደጃፍ» የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ከዚያ ወዲህ ሥራውን ቀየረ። ድሮ አሮጌ ልብስ ሰብስቦ ያድል ነበር፤ አሁን ዳቦና ገመድ ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል። ገመዱ የተነሳውን ሰው ነፋስ እንዳይወስደው ማሰሪያ ነው። የደብረ ብርሃን ነፋስ ቀልድ አያውቅም። ከአባላቱ አንዷ እጅጋየሁ ነበረች፤ ፋርማሲ የምትሠራ፣ ብዙ የማትናገር ሴት። በምሳ ሰዓቷና ከሥራ መልስ ትዞራለች። ባሏ «ደመወዝ ለሌለው ሥራ ይህን ያህል ትሮጫለሽ» ይላታል፤ ዳቦውን በባጃጁ የሚያመላልስላት ግን እሱ ራሱ ነው።

ኅዳር ላይ፣ በልጅነቷ ያስተማሯት ጋሼ ወንድይራድ ከሰው ዓይን እንደጠፉ ሰማች። ጡረተኛ ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። በከተማው «ከባድ ሰው» ሲባል ሁሉም የሚያስበው እሳቸውን ነው። ከሰው ቤት ውሃ እንኳ ጠይቀው አያውቁም።

በሩን አንኳኳች።

«ግቢ፤ ክፍት ነው» አሉ። ድምፃቸው ከላይ መጣ።

ጀርባቸው ኮርኒሱ ላይ ተለጥፎ፣ ፊታቸው ወደ ወለሉ ነበር። ኮት ለብሰዋል። ክራቫታቸው ቁልቁል ተንጠልጥሏል።

«ቁጭ በይ» ብለው ወንበሩን አሳዩዋት። ተቀመጠችና ቀና አለች።

«ከመቼ ወዲህ ነው፣ ጋሼ?»

«ከመስቀል ወዲህ።»

«ምነው ታዲያ አልላኩብንም?»

«በስተርጅና ቀለለ እንድባል ነው?»

ዳቦውን ከፌስታሉ አወጣች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ለቸገረው ስጪው።»

እጅጋየሁ ዳቦውን ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ሌላ ቤት ለምና፣ አልቅሳም አብልታ ታውቃለች። እኚህን ሰው ግን ታውቃቸዋለች፤ ከማፈር መሄድን የሚመርጡ ናቸው። ኮርኒሱን አየችው። የሳሳ አቡጀዲ ነው። በትከሻቸው በኩል ተቀዶ ቆርቆሮው ይታያል፤ ቆርቆሮውም ከማገሩ መላቀቅ ጀምሯል። ከዚያ በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው።

እሷም ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ይህን ያስተዋለችው ገና አሁን ነው።

«ጋሼ፣ እኔም ርቦኛል» አለች። «ግን ትልቅ ሰው ባለበት ቤት ዳቦ ራሴ አልቆርስም።»

ቁልቁል አዩዋት።

«እሱስ ደንብ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አምጪው።»

ወንበሩ ላይ ወጥታ ዘረጋችላቸው። መረቁ። ቤቱን፣ ከተማውን፣ እሷንና ባሏን መረቁ። ከዚያ ቆረሱና የመጀመሪያውን አጎረሷት። እሷ እያላመጠች ሳለ ክራቫታቸው ትከሻዋን ነካ፤ ቀጥሎ እጃቸው ወንበሩን ያዘ፤ ቀጥሎ ጫማቸው ወለሉን አገኘ። እሳቸው ገና ምንም አልቀመሱም ነበር።

ኮታቸውን አራገፉ።

«ልድገምሽ?»

«ይድገሙኝ።»

አብረው በሉ።

ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ ሰዎች ሲዞሩ ሆዳቸውን ባዶ አድርገው መሄድ ጀመሩ። ዳቦውን ለባለቤቱ ይሰጡና እስኪቆርስላቸው ይጠብቃሉ። ገመዱን እርግፍ አድርገው ተዉት። ጋሼ ወንድይራድም አባል ሆኑ። በር የሚያንኳኩት እሳቸው፣ «የእግዜር እንግዳ» የሚሉትም እሳቸው ሆኑ። አንዳንዱ ይስቅባቸው ነበር፤ እሳቸው አልሰሙም፣ ወይም መስማት አልፈለጉም። የገና በዓል ሲደርስ በሰፈሩ ከመሬት ተነስቶ የቀረ ሰው አልነበረም።

ጥር ውስጥ እጅጋየሁ ፋርማሲውን ስትከፍት ጥላ በፊቷ ላይ አለፈ። ቀና አለች። ከምሥራቅ፣ ከማታውቀው አገር፣ ሰዎች በነፋሱ እየመጡ ነበር። ያሉት መሰላል በማይደርስበት ከፍታ ላይ ነው። አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አንዲት እናት ልጇን ታጠባለች። ወደ ታች የሚያይ የለም። ከተማው መንገድ ላይ ወጥቶ፣ ጥላቸው በየጣራው፣ በባጃጆቹ፣ በጋሼ ወንድይራድ ባርኔጣ ላይ ሲያልፍ ይመለከታል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅም አላለቁም።

ያን ጊዜ አንዲት የሕፃን ጫማ ከላይ ቀስ እያለች ወረደች። አስፋልቱን ልትነካ ጥቂት ሲቀራት፣ እሷም እንደ ባለቤቷ የሚቀመስ ያጣች ይመስል፣ አየር ላይ ቆመች።