የእትዬ ውባለም ድንጋይ

በመካነ ኢየሱስ ከተማ ስለ እትዬ ውባለም ሁለት ወሬ ይወራ ነበር። የደብሩ ሰዎች እንደሚሉት፣ የእሳቸውን ወንድም የገደለው ታፈረ ድንጋይ ተሸክሞ ለእርቅ ሲመጣ ገና ሳይንበረከክ «ይማርህ» ብለውታል። ገበያተኞቹ ደግሞ ድንጋዩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ከጥዋት እስከ ከብት መግቢያ አንበርክከውታል ይላሉ።

በ1958 ዓ.ም. ሰኔ፣ ተማሪዋ ዓለምጸሐይ ለትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል እትዬ ውባለምን ሆና እንድትጫወት ስትመረጥ እውነቱ የትኛው እንደሆነ ራሳቸውን ጠየቀቻቸው። ከገጠር ለትምህርት ስትመጣ ያለ ኪራይ ያስጠጓት፣ ስንቋ ሲያልቅም የሚያበሏት እሳቸው ናቸው።

እትዬ ውባለም ደጃቸው ላይ ወዳለው ድንጋይ አዩ። ማንም እንዲቀመጥበትም እንዲያነሳውም አይፈቅዱም።

«የፈለግሽውን ምረጪ» አሏት። «ብቻ አደራ፣ አታሳንሺኝ፤ አታግንኚኝም።»

አደራው ከሽልማቱ ይልቅ አስፈራት። ሽልማቱም ቀላል አልነበረም፤ በበዓሉ ጨዋታ ያሸነፈ ደብረ ታቦር ሄዶ ከአውራጃው ትምህርት ቤቶች ጋር ይወዳደራል።

በበዓሉ ቀን መጀመሪያ ተወዳዳሪዋ ቻላቸው ወጣ። ከራሱ ያፈለቀውን ስስታም ሆኖ፣ እንግዳ እንዳይቀምሰው ጠላውን አልጋ ሥር ሲደብቅ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

ቀጥላ ዓለምጸሐይ ወጣች። ታፈረን የሚጫወተው አስማረ ከወንዝ ያመጣውን ድንጋይ ተሸክሞ ፊቷ ተንበረከከ። ከሁለቱ ወሬ መሀል እንዲሆን ጥቂት ዝም ብላ «ይማርህ» ልትል ነበር ያሰበችው። ዝም አለች። የአስማረ አንገት ይንቀጠቀጣል።

ይሄኔ ከፊት የተቀመጡት ቄስ አዱኛ ብድግ አሉ። ያኔ እርቁን የመሩት እሳቸው ነበሩ፤ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ተንበርክኮ ሲያዩ ጨዋታ መሆኑን ረሱት። መስቀላቸውን ይዘው መድረኩ ላይ ወጡና «ስለ መድኃኔ ዓለም! ስለ መስቀሉ ብለሽ ማሪው ልጄ!» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ዓለምጸሐይ መስቀሉን ተሳለመች፤ ጎንበስ ብላም ድንጋዩን ከአስማረ አንገት አነሳችው። ካነሳችው በኋላ የት እንደምታደርገው ግራ ገባት። ደረቷ ላይ እንዳቀፈችው «ይማርህ» አለች። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ዳኞቹ ተከፋፈሉ።

«ቻላቸው የሌለ ሰው ፈጠረ» አለ አንዱ መምህር። «እሷ ያለውን ሰው ነው የቀዳችው።»

«እንዴ! ይኼማ ይከብዳል» አለ ሌላው። «ያንን ስስታም እንዲህ አይደለም ብሎ የሚከራከር የለም። የእሷ ባለታሪክ ግን እዚሁ ተቀምጠው እያዩ ነው።»

ዳይሬክተሩ አቶ ደጉ «እንግዲያው ይጠየቁ» አሉ። «እትዬ ውባለም፣ መሰለችዎ?»

እትዬ ውባለም ተነሡ። «አልመሰለችኝም።»

ወደ ዓለምጸሐይ ዞር አሉ።

«ድንጋዩን ያነሱለት ሽማግሌዎቹ ናቸው። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው ይማርህ ያልሁት። እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። አግንነሽኛል ልጄ።»

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ።»

«ምኑን? ያኔ ያቃተኝን አንቺ ሠራሽልኝ። እንዲህ መሆን ይቻል እንደነበር ዛሬ አየሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ቻላቸው ከኋላ «ስጧት በቃ! የኔ ስስታም እንኳ አይከለክላትም!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ተመለሰ፤ ዳኞቹም ተስማሙ።

አቶ ደጉ ሽልማቱን ከሰጧት በኋላ ግን ጣታቸውን አነሱ። «ደብረ ታቦር ላይ ያልሆነን ነገር በእውነተኛ ሰው ስም አናቀርብም። ወይ ድንጋዩን ማንሳቱ ይቅር፣ ወይ ስሙ ተለውጦ የፈጠራ ሰው ትሁን። ምረጪ።»

ዓለምጸሐይን ሁለቱም አስጨነቋት። ድንጋዩን ብታስቀር፣ የተመሰገነችበት ነገር ሊቀር ነው። ስሙን ብትለውጥ፣ ያስጠጓት ሴት ከጨዋታው ሊወጡ ነው።

«እትዬ ይምረጡልኝ» አለች።

እትዬ ውባለም መቀነታቸውን አጠበቁ።

«ስሜም አይለወጥ፣ ድንጋዩም አይቅር» አሉ፣ ከደጅ ለቆሙት ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። «ያ ታፈረ የተሸከመው ድንጋይ ሽማግሌዎቹ ካስቀመጡበት ደጄ እስከ ዛሬ አልተነሳም። እሑድ በገዛ እጄ አነሳዋለሁ። ቄስ አዱኛ፣ ታፈረን ይዘውልኝ ይምጡ፤ አጎርሰዋለሁ።»