የክት ማታ በጋዋን

መርከብ ላይ ለእራት ምን ይለበሳል ብለው ገና ሳይሳፈሩ ወራት ሙሉ ሲጨቃጨቁ የሚከርሙ ሰዎች አሉ ብላችሁ ታምናላችሁ? አሉ። የፌስቡክ ገጽ ሳይቀር ከፍተዋል። አንዱ ቱክሲዶ የሚሉትን ጥቁር የክት ሱፍ ያልለበሰ ሰው አጠገቤ እንዲቀመጥ አልፈልግም ይላል። ሌላው የእረፍቴን ገንዘብ የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ በቁምጣ ብበላ ማን አባቱ ይከለክለኛል ይላል። አንዲት የኦሃዮ ሴትዮ ደግሞ መሃል ገብታ በእናታችሁ ተስማሙ እያለች ትለምናለች። ሥራ ፈት ሁላ። እኔ ገጹን የማነበው ለመሳቅ ነበር። ኋላ ዋናዎቹ ተሰዳዳቢዎች እነማን እንደሆኑ ሳውቅ ግን ሳቄ ጠፋ። የቱክሲዶው ተከራካሪ ጎርደን፣ የቁምጣው ተከራካሪ ደግሞ ዌድ ነው። ወንድማማቾች ናቸው። ዌድ የቀድሞ ባሌ ነው።

እናታቸው ቬርና ይባላሉ። ከልጃቸው ብፋታም ከሳቸው አልተፋታሁም። አሁንም እማማ ነው የምላቸው፤ አርብ አርብ ሳጊናው ከተማ ያለው ፀጉር ቤቴ ይመጡና ፀጉራቸውን እሠራቸዋለሁ። በዚያ ዓመት በበረዶው ወራት ቤታቸውን ሸጡ። ደረጃው ጉልበታቸውን ጨርሶት ነበር። ገዢዎቹ በሚያዝያ ስለሚገቡ ከዚያ በፊት ከሁለቱ ልጆቻቸው ካንዱ ጋር መጠቃለል ነበረባቸው። ሁለቱም እኔ ጋ ነይ ይላሉ። ጎርደን ጥርስ ሐኪም ነው፤ እናቴን የምጦረው እኔ ነኝ እያለ ጎልፍ ሜዳ ላይ ሊያወራባቸው ነው። ዌድ ደግሞ እሱ በሌለበት ውሾቹን የሚያበላለት ሰው ሊያገኝ ነው። እማማ ለሁለቱም መልስ አልሰጡም። አብረን በመርከብ እንሂድ፣ እዚያ እነግራችኋለሁ አሏቸው። ክፍል የሚጋራቸው ሰው ስለሚያስፈልግ እኔንም ጨመሩኝ። ዌድ ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ ባልናገር ይሻላል።

በጉዞው ሁለት የክት ማታ አለ። በሌላው ቀን ንጹሕ ሱሪና ሸሚዝ ይበቃል፤ በክት ማታ ግን ሴቱ ይንቦገቦጋል፣ ወንዱ በክራቫት ይታነቃል። በመጀመሪያው የክት ማታ ጎርደን ቱክሲዶውን ለብሶ፣ ሆዱ ላይ ያለችው ቁልፍ ልትበጠስ ምንም ሳይቀራት፣ ደረቱን ነፍቶ ገባ። የሚስቱን ሆድ ባሕር ስለሚያገላብጠው እሷ አልመጣችም፤ ምነው የኔንም ባገላበጠው ብያለሁ። አንድ ወይን ለማዘዝ አስተናጋጁን ግማሽ ሰዓት አቁሞ ትምህርት ሰጠው። ዌድ ጭራሽ አልመጣም። አበባ የታተመበትን ቁምጣ ለብሶ የላይኛው ፎቅ ቡፌ ላይ ሃምበርገር ሲገምጥ ራሱን ፎቶ አንስቶ፣ "ነፃ ሰው" ብሎ ገጹ ላይ ለጠፈው። ነፃ ሰው እቴ። እናቱ ባዶ ወንበሩን እያዩ ሾርባቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ።

በማግስቱ ሁለቱንም ጠርተው ለመኗቸው። በመጨረሻው የክት ማታ አራታችንም አንድ ጠረጴዛ ላይ እንቀመጥ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠይቃችሁም አሉ። ጎርደን እሱ በቁምጣ ከመጣ እኔ አልቀመጥም አለ። ዌድ ደግሞ የሰው ልብስ ማንንም አያገባውም፣ ሰው የፈለገውን ይልበስ፣ እኔ በዚህ ነገር እምነት አለኝ አለ። እምነት አለው። ከኔ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሲኖር በምን እንደሚያምን አንድ ቀን አልነገረኝም ነበር፤ ለካ በቁምጣ ነው።

እንግዲህ ሽማግሌ ሆኜ በሁለቱ መሃል ስመላለስ ሰነበትኩ። የስድሳ ዓመት ጎረምሶች ላስታርቅ። ዌድ ረጅም ሱሪና ኮሌታ ያለው ሸሚዝ እንዲለብስ፣ ክራቫት ግን እንዳይጠየቅ፤ ጎርደንም አይቶ እንዳላየ እንዲሆን፣ ብዙ ደክሜ አስማማኋቸው። ተስማማን ብዬ ስወጣ ጎርደን መልሶ ጠራኝና ካልሲስ ያደርጋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዌድ ጋ ሄጄ ስነግረው፣ ካልሲ ውሉ ውስጥ የለም አለኝ። አንጀቴ ቅጥል አለ። ክፍላችን ገብቼ ይህን ሁሉ ለእማማ አንድ በአንድ ስነግራቸው አልጋቸው ላይ ጋደም እንዳሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር።

ያ ቀን ሲደርስ ከሰዓት በኋላ ፀጉራቸውን ጠቅልዬ፣ አበጥሬ፣ እንደ ሙሽራ አሳመርኳቸው። ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ቁም ሳጥኑ በር ላይ ሰቀልኩላቸው። እኔም አረንጓዴ ቀሚሴን ልለብስ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ስወጣ እማማ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ሰማያዊው ቀሚስ እንደተሰቀለ ነው። የለበሱት የመርከቧን ነጭ የሻወር ጋዋን ነው፤ እግራቸው ላይ ከአልጋ ሥር የሚቀመጠውን ስስ ነጠላ ጫማ አጥልቀዋል። ከንፈራቸውን ተቀብተዋል፣ የዕንቁ ሐብላቸውንም አድርገዋል። ልብስዎስ ብዬ ጠየቅኳቸው። ለብሻለሁ አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ፣ ያዝኳቸው።

ውሸት ምን ያደርጋል፣ ሊፍቱ ውስጥ እኔም አፍሬያለሁ። ወርቃማ ቀሚስ የለበሰች አንዲት ወፍራም ሴትዮ እማማን ከፀጉራቸው እስከ ነጠላ ጫማቸው ወርዳ ወጥታ አየቻቸውና ለባሏ በጆሮው የሆነ ነገር አለችው። ባሏ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሰው የተሞላበት ሊፍት ውስጥ ለሳቸው ለብቻቸው ሰፊ ቦታ ተለቀቀላቸው። አፈርኩ፣ ወዲያው ደግሞ በማፈሬ ተናደድኩ፤ ክንዳቸውን ግን አለቀቅኩም።

የምግብ አዳራሹ በር ላይ ሁለቱም ነበሩ። ዌድ ሱሪ ለብሷል። ካልሲም አድርጓል። ጎርደን ካርታ ሲጫወት ከተዋወቃቸው ከአንድ የቶሮንቶ ዳኛና ከሚስቱ ጋር ቆሞ ያወራል፤ ሰውየው ዳኛ መሆኑን ከሰማ ጀምሮ ከሥሩ ጠፍቶ አያውቅም። ከሊፍቱ ስንወጣ ከጎርደን ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አየን። ከዚያ ቀስ ብሎ ጀርባውን ሰጠን። የዳኛው ሚስት ግን እማማን አይታ ኖሮ፣ ሴትዮዋን ታውቃቸዋለህ ወይ ብላ ጠየቀችው።

"አላውቃቸውም" አለ ጎርደን። "ምስኪን፣ ቤተሰባቸው የት ገብቶ ይሆን?"

እማማ ከኋላው ሁለት እርምጃ ላይ ነበሩ። ሰምተዋል። እኔ አፌን ልከፍት ስል ክንዴን ጨመቅ አደረጉኝና ወደ ዌድ ዞሩ።

ዌድ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሰው እያየን መሆኑን አየና ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እማዬ ሂጂና ቀይሪ፣ እኔ እንኳ ላንቺ ብዬ ሱሪ ለብሻለሁ፣ ለምን ታሳፍሪኛለሽ አላቸው።

"ሰው የፈለገውን ይልበስ ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?" አሉት።

"እሱ ሌላ ነው" አለና ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ የሚያነበው ነገር እንዳለው ሰው እያነበበ፣ ወደ መጠጥ ቤቱ ሄደ። ያ ሁሉ እምነት በአንድ ጋዋን እንደ ጉም በነነ።

የአስተናጋጆቹ አለቃ በጋዋን አይገባም፣ ደንብ ነው፣ እራቱን ግን ክፍላችሁ እልካለሁ አለን። እማማ ትክክል ነህ አሉት፣ እሳቸውም ቢሆኑ በጋዋን የመጣ ሰው እንደማያስገቡ ነገሩት። በሱ ቅር አላላቸውም። እሱ ልጃቸው አይደለም።

እዚያው ደረጃው ላይ የክት የለበሰውን ሁሉ ፎቶ የሚያነሳ ልጅ ቆሟል። ከኋላው የፀሐይ መጥለቂያ የተሳለበት መጋረጃ አለ። የተነሳው ፎቶ በማግስቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የወደደ ይገዛዋል፣ ያልተገዛው ይጣላል። እማማ እንነሳ አሉኝ። ፎቶ አንሺው ትንሽ ግራ ገባው፣ ከዚያ አገጭዎን ቀና ያድርጉ አላቸው። ቀና አደረጉ። እኔ በአረንጓዴ ቀሚስ፣ እሳቸው በጋዋን፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘን ተነሳን።

እራቱ ክፍላችን መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ዓሣችንን ስንበላ፣ እማማ ለምንድነው እንዲህ ያደረጉት ብዬ ጠየቅኳቸው። ሹካቸውን አስቀመጡ።

"እህቴን ኦፓልን ታስታውሻታለሽ" አሉ። "መጨረሻዋ ላይ አእምሮዋ ሲሄድ በሌሊት ልብስ ቤተ ክርስቲያን መጣች። ልጆቿ ሮጠው ወደ መኪና ከተቷትና ከዚያ ቀን በኋላ ሰው አላያትም። እኔም መርሳት ጀምሬያለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ቀን እንዲህ ሆኜ እወጣለሁ። ያን ቀን ክንዴን ማን እንደሚይዘኝ ገና አእምሮዬ እያለ ማየት ፈለግኩ።"

ሹካዬን አስቀመጥኩ። እሳቸው ግን ሹካቸውን አንስተው፣ ሎሚ ያንሰዋል ብለው መብላታቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ጠዋት ለቁርስ ስንወርድ በፎቶዎቹ ግድግዳ በኩል አለፍን። በቱክሲዶ የታነቀው፣ በወርቅ የተንቦገቦገው፣ የመርከቧ ሰው ሁሉ ተደርድሮ ተሰቅሏል። ግድግዳው ፊት ጎርደንና ዌድ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። ጎርደን ኮቱን እንደ መጋረጃ ገልጦ ይከልላል፤ ዌድ ከሥሩ ገብቶ የኛን ፎቶ ከግድግዳው ያወርዳል። ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሄደው ግማሽ በግማሽ ከፈሉ። ጎርደን ፎቶውን ለሁለት አጠፈው፣ ዌድ ተቀብሎ መልሶ አጠፈውና ሊፍቱ አጠገብ ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ጎርደን የወንድሙን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ካልሲ ላይ እንኳ መስማማት ያቃታቸው ሰዎች።

እኔ ሄጄ እዚያው በሰው ፊት ላዋርዳቸው ተነሳሁ። እማማ ግን ክንዴን ያዙኝ።

"ተይ" አሉኝ። "አብረው ሲቆሙ ካየኋቸው ስንት ዓመቴ ነው።"

ከመርከብ በምንወርድበት ጠዋት ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ቡፌው ላይ ይጋፋል። ቱክሲዶው ሻንጣ ገብቷል፤ ጎርደንም እንደ ማንኛውም ሰው ቁምጣ ለብሷል። ዌድም ቁምጣ ለብሷል። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው እንቁላላቸውን ይበላሉ። እማማ የለመኑት ይኸው ነበር፣ አራታችንም አንድ ጠረጴዛ ላይ። ስለዚያ ማታ አንዳቸውም አላነሱም፤ እናታቸው የረሱላቸው መስሏቸው ነበር መሰለኝ። ጎርደን አፉን ጠረገና ድምፁን አለሰለሰ።

"እንግዲህ ንገሪን፣ እማዬ። ከማናችን ጋር ነሽ?"

እማማ ዳቦአቸውን ቅቤ ይቀቡ ነበር። ቀብተው ጨረሱ፣ ቢላዋውን አስቀመጡ።

"ፎቶዬን የት አደረጋችሁት?" አሉ።

ጎርደን ዌድን አየው። ዌድ እንቁላሉን አየ። ከዚያ ዌድ፣ የቱን ፎቶ አለ።

"እኔንም እዚያው ነው የምትጥሉኝ" አሉ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

እማማ ወደኔ ዞር ብለው፣ አንቺ ቤት ጠዋት ፀሐይ የሚገባው የትኛው ክፍል ነው ብለው ጠየቁኝ።

"የኋለኛው ነው፣ እማማ" አልኳቸው። "ደረጃም የለውም።"