ቁልፍ ላይ ነኝ

በዚያ ቤት ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። በሩ ላይ ቀዳዳው አለ፤ አንድ ዓይኑን አፍጥጦ መንገደኛውን ሲያይ ይውላል። ቁልፉ ግን እናትየው በሕይወት እያሉ ጠፋ፣ ጠፍቶም ቀረ። ሌላ ያሠራ የለም። ለምን ብሎ ያሠራል? በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው፣ መቀርቀሪያውን የምትከፍት ደግሞ አለች።

"አንቺ አለሽ አይደል?" ይሏታል።

አለች። የቤቱ ጌታ ታናሽ እህት ናት፣ አርባ ሰባት ዓመቷ። አላገባችም፣ አልወለደችም። እናቷን ላስታምም ብላ "ለጊዜው" ወንድሟ ቤት የገባች ጊዜ ፀጉሯ ከሰል ነበር። እናትየው ሞቱ፣ ፀጉሯም ነጣ፣ ለጊዜው የተባለው ጊዜ ግን ንቅንቅ አላለም። የምትተኛው ድሮ ዕቃ ቤት በነበረችው ክፍል ነው፣ በሩ አጠገብ፣ ለመክፈት እንዲመቻት። አልጋዋ በአንድ ጎን ከመተኮሻው ጠረጴዛ፣ በሌላው ጎን ከወንድሟ ሻንጣዎች ጋር ይጋፋል። በእንቅልፍ ልቧ ስትገላበጥ ወይ ካውያ ወይ ሻንጣ አቅፋ ታድራለች። ሻንጣዎቹስ ቢሆኑ በዓመት አንዴ ወጣ ብለው አገር አይተው ይመለሳሉ።

የሁሉንም አመጣጥ ታውቀዋለች። ወንድሟ ከመኪናው ሳይወርድ ጡሩምባውን ይለቀዋል። ሚስቱ ደወሉን ጢር ጢር ታደርገዋለች፣ እንደምትበሳጭ ትንኝ። ልጃቸው ኮሌጅ ናት፤ እሷ በሩን በእግሯ ነው የምትለው፣ እጇ ስልክ ይዞ የት ያደርሳታል? አክስትየዋም ወጥ ቤት ትሁን መታጠቢያ ቤት "መጣሁ!" ትላለች። የትም ሳትሄድ ቀኑን ሙሉ መጣሁ ስትል ትውላለች።

አንድ ቀን የወንድሟ ሚስት ኮቷን ይዛ መጣች።

"እትዬ፣ ይቺን ቁልፍ አስተክይልኝማ። ብቻ እንዳትቆዪ፣ እኔም ልወጣ ነው፣ በሩ..."

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።"

ልብስ ሰፊው ከመንገዱ ማዶ ነው። ሰፈሩ "ደረተ ክፍት" ይለዋል፤ የሰው ልብስ ሲዘጋ እየዋለ የራሱ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ታይቶ አይታወቅም። ሆዱም ለዚህ ነገር የበኩሉን አስተዋጽኦ አድርጓል። መስኮቱ ላይ ወረቀት ለጥፏል፦ "ቁልፍ የምትተክል ሴት ትፈለጋለች።"

"ጋሼ፣ ይቺን ቁልፍ ቢያደርጉልኝ።"

"ከሳምንት በኋላ፣ የኔ እመቤት። ያንን ጉድ አታዪም?" ጥግ ላይ ነጭ ጋውን ተከምሯል፣ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። "የሐኪም ቤት ነው። ቁልፍ ተካዬ አግብታ ጥላኝ ሄደች። ሐኪሙ ጋውኑ ተበርግዶ በሽተኛ ፊት ቢቆም ማን ማንን ሊመረምር ነው?"

ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ስለነበር ድምፁ ራሷን አስደነገጣት።

"እስኪ መርፌ ይስጡኝ።"

ቆማ ተከለችው። ክሩን ከቁልፉ ሥር ጠምጠም ጠምጠም አድርጋ አንገት አበጀችለት፣ ቋጠረችና በጥርሷ በጠሰችው። ደረተ ክፍት ተቀብሎ ሳበው። አልነቃነቅ አለው። በሁለት እጁ ሳበው።

"ይሄ ቁልፍ ባለቤቱንም ይቀብራል!" አለና መነጽሩን ገፋ አድርጎ አያት። "ልጅት፣ ነገ ጧት ነይ።"

ልጅት? ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ማንም የለም።

"አይ፣ አልችልም ጋሼ። በር አለብኝ።"

"ምን አለብሽ?"

"በር።"

"ሰው ባል አለብኝ ይላል፣ ልጅ አለብኝ ይላል። በር አለብኝ የሚል ዛሬ ገና ሰማሁ!" ወረቀቱን ከመስኮቱ ላጠና ኪሱ ከተተው። "በይ፣ በርሽን ተማክረሽ ነይ። ቋሚ ሰው ነው የምፈልገው። ከቀረሽ መልሼ እለጥፈዋለሁ።"

ማታ እራት ላይ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት እየላጠች የተለማመደችውን አወጣችው።

"ወንድምጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ ጧት ጧት ለቁልፍ ልወጣ ነው።"

"እሰይ!" ወንድሟ ማንኪያውን ጣለ። "እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ይሠራ፣ ቁልፍ ይሠራ ስል!" አንድም ቀን ብሎ አያውቅም። "ብቻ ጥሩ ባለሙያ ያዢ። ርካሹን እንዳያስታቅፉሽ።"

የበሩን ነው የመሰለው። አፏን ከፈተች፣ "የልብስ ነው" ልትል። ከዚያ አፏን ሞላ አድርጋ እህሏን ጎረሰች። ቢከራከሯት ኖሮ እንደምትሸነፍ ታውቃለች። የተከራከራት ግን ማን አለ?

የቀረው በሩ ነበር። ከውጭ አይዘጋማ! ጧት ሁሉም ውልቅ ውልቅ ሲሉ ቁጭ ብላ አየችው፣ ያንን አፍጣጭ ቀዳዳ። ከዚያ ወፍራም ክር አመጣችና መቀርቀሪያው ላይ አሰረች። አንዱን ጫፍ በበሩ ጠርዝ ስንጥቅ አወጣችው፤ ስትስበው ይቀረቅራል። ሌላውን በቁልፉ ቀዳዳ አወጣችው፤ ሲሳብ ይከፍታል። ወደ ውስጥ ሾልኮ እንዳይገባ ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ የኮት ቁልፍ አሰረችበት። እንግዲህ በሩ ቁልፍ አለው፣ አልዋሸችም።

መንገዱን ስትሻገር ግን ወዲያና ወዲህ ትገላመጥ ነበር፣ ከሱቅ ሰርቃ እንደወጣች ሰው።

ሥራው ገባት። ደረተ ክፍት የስፌት መኪናውን ያንኳኳል፣ እሷ ጋውኑን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትተክላለች። ጭንቅላቷ ግን ቤት ነው። ውጭ የብስክሌት ደወል ጢር ካለ "መጣሁ!" ብላ ብድግ ትላለች፣ ጋውኑም መርፌውም አብሯት።

"የት ነው የምትመጪው?" ይላል ሰውየው። "እዚሁ ነሽ እኮ!"

ሰው ወደ ቤት ከመመለሱ በፊት ተሻግራ፣ ክሩን ስባ፣ ገብታ፣ ሽርጧን ታጥቃ ትጠብቃለች። ጡሩምባው ሲለቀቅ "መጣሁ!" ትላለች። እራት ላይ ወንድሟ ይጠይቃታል።

"ቁልፉ እንዴት ሆነ?"

"እየተሠራ ነው።"

"ምን ዓይነት ነው?"

"ባለ አራት ቀዳዳ።"

"በለው! ሌባ ጉድ ፈላበት!"

ልጅቷ ራስ ምታት ይዟት ከኮሌጅ ሳትጠበቅ የመጣች ዕለት ጨዋታው ፈረሰ። በሩን በእግሯ አለችው። መጣሁ የሚል የለም። ጎንበስ ብላ ስታይ ከቀዳዳው ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ሳበችው። በሩ ብርግድ!

ማታ ቁልፏ ጠረጴዛው መሀል ተቀመጠች፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ፣ እንደ ተከሳሽ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ወንድሟ።

"ቁልፍ።"

"የት ነበርሽ?"

"ቁልፍ ላይ። ማዶ፣ ልብስ ሰፊው ጋ። ተቀጥሬ።"

መጀመሪያ የገባት ሚስትየው ናት። እስኪያንቃት ሳቀች፣ "ባለ አራት ቀዳዳ!" እያለች። ወንድሟ ሲገባው ፊቱ ቀላ።

"በዚህ ዕድሜሽ ቅጥር? ያውም ደረተ ክፍት ጋ? ቤቱን በሸሚዝ ቁልፍ አስረሽልን ትሄጃለሽ? የፊታችን ቅዳሜ እኮ ስለ ሰፈሩ ጥበቃ እዚሁ ቤቴ ስብሰባ የምመራው እኔ ነኝ! ምን ጎድሎብሽ ነው? ንገሪኛ!"

ልትነግረው ፈለገች። አንድ ነገር ቢጎድል ኖሮ ስሙን ትጠራው ነበር። ተነሥታ ሳህኖቹን ሰበሰበች። ሳህን ስትሰበስብ ደግሞ በዚያ ቤት ተስማማች ማለት ነው።

በማግሥቱ ቁልፍ ሠሪ ራሱ መጣ። መቀርቀሪያውን ነቅሎ፣ ከውስጥም ከውጭም በቁልፍ ብቻ የሚከፈት መቆለፊያ ገጠመ። ሦስት ቁልፍ ሰጠ። ወንድሟ ሦስቱንም አንድ ቀለበት ላይ ሰካና ለማን ቢሰጥ ጥሩ ነው? ለእሷ።

"አንቺ ጋ አይጠፋም። በሩ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ሳይቆለፍ እንዳይቀር። ሰው ሲገባም ቆልፊ፣ ሲወጣም ቆልፊ። ይኸው ቁልፍ ተሠራ፤ ከእንግዲህ ለቁልፍ ብሎ መውጣት የለም!"

ቀለበቱን ሽርጧ ኪስ ከተተችው። ስትራመድ ይንሿሿል። አሁን የቤቱ ሰው ሳያያት የት እንዳለች ያውቃል፣ ቃጭል እንዳሰረች ላም። ቆማ ዕቃ ስታጥብ ብቻ ጸጥ ይላል። ያኔ ልጅቷ ከክፍሏ ትጮሃለች፦

"አክስቴ! አለሽ?"

"አለሁ!"

ጣቷን ግን በላት። ትራስ ልብስ ላይ፣ መጋረጃ ላይ፣ ቦታ ባገኘችበት ሁሉ ቁልፍ ትተክላለች። ወንድሟ ፒጃማው አንገቱ ድረስ ተዘግቶ ሊያንቀው ደረሰ።

አርብ ዕለት ለሚስትየው በሩን ስትከፍት ማዶ አየች። ደረተ ክፍት መስኮቱ ላይ ወረቀት እየለጠፈ ነው። ኪሱ ውስጥ የታጠፈበት ምልክት ከዚህ ይታያል። እሱም አያት፣ ትከሻውን ሰበቀ፣ ምን ላድርግ ዓይነት። እሷም ቆለፈች፣ በታዘዘችው መሠረት።

ቅዳሜ ጧት ቤተሰቡ ገና ተኝቷል። ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። ውጭ ቆማ በሩን አየችው። ከፍታው ብትሄድ ጉድ ይፈላል። ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ተብላለች። ቁልፉን ከተተች፣ አዞረች፣ ቀጭ አለ። ከዚያ መንገዱን ተሻገረችና ወረቀቱን ከመስኮቱ ላጠችው።

"በርሽ ፈቀደ?" አለ ደረተ ክፍት።

"ተኝቷል።"

ግማሽ ጋውን ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ።

"የት ነሽ? በሩ ተቆልፏል!"

"ቁልፍ ላይ ነኝ፣ ወንድምጋሼ።"

"ቀልዱን ተዪና! ቁልፎቹ የት ናቸው?"

"ኪሴ ውስጥ። አንተ አይደለህ ቆልፊ ያልከኝ?"

በልብስ ሰፊው መስኮት ታያለች። ስለ ጥበቃው የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎች መጥተው በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። ሊቀመንበራቸው ከቤቱ መስኮት ብረት ጀርባ በፒጃማ ቆሞ እጁን ያወራጫል፣ አንገቱ ድረስ ተቆልፎ። ደረተ ክፍት መኪናው ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይርገፈገፋል። እሷ አልሳቀችም። መርፌው ጣቷን ወጋት። አሁን ሮጣ ከከፈተች እዚያው መቅረቷ ነው። ካልከፈተች ደግሞ ወንድሟ ነው፣ ሥጋዋ ነው፣ እዚያ ብረት ውስጥ የሚጮኸው። ከዚያ ብረት ወዲያ ሰው ሲቆም ምን እንደሚመስል ከእሷ በላይ ማን ያውቃል?

"ይቺን ልጨርስና" አለች በስልኩ።

ጨረሰቻት። የመጨረሻዋን ቁልፍ አንገት ሠርታ፣ ቋጥራ፣ በጥርሷ በጥሳ ተሻገረች። ሽማግሌዎቹ መንገድ ለቀቁላት። በሩን ከውጭ ከፈተችው። ሦስቱም ከኋላው ተደርድረው ቆመዋል፣ ሁልጊዜ እሷ በምትቆምበት ቦታ። ወንድሟ አፉን ሲከፍት ቀለበቱን ፈታችና አንዱን መዳፉ ላይ አኖረችለት። አንዱን ለሚስቱ፣ አንዱን ለልጅቷ።

"ሦስት ናችሁ፣ ሦስት ነው።"

"ላንቺስ እትዬ?" አለች ሚስትየው።

"የኔን ለሌላ በር አሠራለሁ። እስከዚያ አንኳኳለሁ።"

"ማን ሊከፍትልሽ?" ወንድሟ ነው።

ጋውን ስለሚጠብቃት ሄደች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። ጣቷ ደወሉ ላይ ሲያርፍ አንድ ነገር ትዝ አላት፣ ይህንን ደወል ደውላ አታውቅም። ጢር ጢር የሚስትየው ነው፣ እግር የልጅቷ ነው። የእሷ የትኛው ነው? ጣቷን ጫን አድርጋ ያዘችው፣ ረጅም፣ አንድ ትንፋሽ።

"ማነው እንዲህ የሚደውለው?" የወንድሟ ድምፅ ነው።

"እኔ ምን አውቄ? ሂድና ክፈት!"

"አንቺ ክፈቺ እንጂ! ቁልፍሽስ?"

"አባባ ይክፈት! እኔ እያጠናሁ ነው!"

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እግሯ ደክሟል፣ የተወጋው ጣቷ ይጠዘጥዛል። በሩ ገና አልተከፈተም። እንደገና ደወለች፣ እንደ መጀመሪያው፣ እንዲለምዱት።