የሚስስ ብራዶክ የምሳ ደወል

ተቆጣጣሪዋ የመጣችው በዝናብ ነው። እነዚህ ሰዎች እንደ ሞት ናቸው፤ ቀን አያስታውቁም። በሩን ስከፍት ጃንጥላዋን እያራገፈች አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን መታወቂያ አሳየችኝ።

"ሚስ ፌርሊ እባላለሁ። ቤቱን ለማየት ነው የመጣሁት።"

ክው አልኩ። ደግነቱ ፊቴ ፈገግ ማለቱን አልረሳም።

"ይግቡ፣ ይግቡ። ሻይ ላፍላ?" አልኳት። በእኛዋ የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ በሞርካም ሰው የሞት ፍርድ ይዞ ቢመጣ እንኳ መጀመሪያ ሻይ ይባላል።

ቤታችን ከባሕሩ ፊት ለፊት የቆመ፣ ስምንት አረጋውያን የሚኖሩበት መጦሪያ ነው። ኃላፊዋ እኔ ነኝ፤ ሎርና ፒል። አምና ሌላ ተቆጣጣሪ መጥቶ "መሻሻል ያስፈልገዋል" የሚል ደረጃ ለጥፎብን ሄደ። ዘንድሮም ያው ከተደገመ የቤቱ ባለንብረት ሊዘጋው ቆርጧል። በስልክ ነው የነገረኝ፣ የዝናብ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርጎ። ሰባቱ ሌላ ቦታ ይገኝላቸው ይሆናል። ሚስስ ኢቪ ብራዶክን ግን ከዚህ ቤት ማውጣት ዛፍን ከነሥሩ መንቀል ነው።

ቤቱ የእሳቸው ነበራ! ድሮ የፋብሪካ ሠራተኛው በበጋ ለዕረፍት ወደ ባሕር ሲጎርፍ፣ ይህ ቤት የእንግዳ ማረፊያ ነበር፤ ሚስስ ብራዶክ ደግሞ ሰው የሚፈራቸው ባለቤቱ። እንግዳው ቁርሱን በልቶ ይወጣል፤ ዝናብ ቢዘንብ፣ በረዶ ቢወርድ እስከ ምሳ ድረስ ተመልሶ አይገባም። ምሳ ሲደርስ ከደረጃው ግርጌ የተሰቀለውን እንደ ትሪ ክብ የሆነ የናስ ደወል በዱላ ይመቱታል፤ ሰው ሁሉ ከባሕሩ ዳር ይሮጣል። በኋላ ቤቱን ሸጡት፣ መጦሪያ ሆነ። አእምሯቸው መርሳት ሲጀምር ደግሞ ነዋሪ ሆነው ተመልሰው ገቡ። እሳቸው ግን ከነጭራሹ የሄዱም አይመስላቸው። እኛ ሠራተኞቻቸው ነን፤ የቀሩት ሽማግሌዎች እንግዶቻቸው ናቸው። ደወሉን በየቀኑ ይመቱታል፤ እኛም "እሺ እመቤቴ" ብለን እንኖራለን።

እንኖር ነበር ልበል። የአምናው ተቆጣጣሪ ከጻፋቸው ነቀፋዎች አንዱ "ነዋሪዎች እንደ ወታደር በደወል ይጠራሉ" የሚል ነበር። ስለዚህ የጸደይ ጽዳት ስናካሂድ ያረጀውን ምንጣፍ በአዲስ አስለወጥኩ፣ የመታጠቢያ ቤቱን መያዣ አስቀየርኩ፣ ደወሉንም ከነዱላው አውርጄ በፎጣ ጠቅልዬ ከደረጃው ሥር ካለው ዕቃ ማስቀመጫ ከተትኩት። ከዚያ ወዲህ ወጣት ሠራተኞቻችን በየክፍሉ እየዞሩ "ምሳ ደርሷል፣ መብላት ይፈልጋሉ?" ብለው በትሕትና ይጠይቃሉ። እንዴት ያለ ሥልጣኔ!

ሚስ ፌርሊ ሥራዋን ጀመረች። መስኮቶቹን ገፋ አደረገቻቸው፣ የመድኃኒቱን ቁም ሣጥን አስከፈተች፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ አንገቷን አስገብታ አሸተተች። እኔ እንደ ጥላ ከኋላዋ ነኝ። ሳሎን ስንደርስ ሚስተር ኩምብስ አጠገብ ተቀመጠች። ሚስተር ኩምብስ ዕድሜ ልካቸውን የአውቶቡስ ትኬት ሲቆርጡ የኖሩ፣ ቀልድ ካልቀለዱ የሚያማቸው ሰው ናቸው።

"እንዴት ነው፣ በደንብ ይይዙዎታል?" አለቻቸው።

"ይደበድቡናል" አሉ ኮስተር ብለው። "ግን አያዳሉም፣ በየተራ ነው።"

ሚስ ፌርሊ አልሳቀችም።

"ሚስተር ኩምብስ!" አልኩ።

"እሺ፣ እውነቱን ልናገር። ዱላውስ ይቻላል፤ የደንካን የሥጋ ፓይ ነው የገደለን።"

"ሰማሁዎት!" አለ ወጥ ቤቱ ደንካን ከጓዳ። "ዛሬ ለእርስዎ የሊጡን ቅርፊት ብቻ ነው የምሰጥዎት!"

እሷ አሁንም አልሳቀችም። ብቻ ቀና ብላ ወደ ኮሪደሩ አየች፤ እኔም ያየችውን አየሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሚስስ ብራዶክ ከደረጃው ግርጌ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሹራባቸው እንደ ተውሶ ልብስ ተንጠልጥሏል። የጋብቻ ቀለበታቸው ከጣታቸው እየወለቀ ስላስቸገረ በክር አጥብቀንላቸዋል። መብላት ካቆሙ ሰነባብተዋል። ሐኪም መጥቶ ጥርሳቸውን አይቷል፣ ደማቸውን መርምሯል፤ ምንም የለም። ሾርባ ብንል፣ የሚወዱትን የወተትና የእንቁላል ኩስታርድ ብንል፣ ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ይገፉታል። ማታ ቤቴ ገብቼም ከዓይኔ አይጠፉም።

ሚስ ፌርሊ ከፊታቸው በርከክ አለች።

"ምሳ ሊቀርብ ነው እኮ፣ ሚስስ ብራዶክ። አይበሉም?"

"ገና ነው" አሉ።

ይህችን ቃል ነው ሁልጊዜ የሚሉት። ገና ነው። እኛም በሽታው ነው ብለን፣ ሰዓቱ ጠፍቶባቸው ነው ብለን ትተነዋል። ሚስ ፌርሊ ክሩን በጣቷ ዳሰሰችና ብድግ አለች።

"እኚህ ሴት እየከሱ ነው።"

"አዎ።"

"ለምንድን ነው?"

ብዙ የማውቃቸው ሙያዊ ቃላት ነበሩ። አንዱንም አልተጠቀምኩም።

"አላውቅም" አልኩ። የአንድ ቤት ኃላፊ ከዚህ የከፋ መልስ ሊኖራት አይችልም። በቃ፣ ተዘጋን አልኩ በልቤ። ሚስስ ብራዶክ ሻንጣቸውን ይዘው ታክሲ ውስጥ ሲገቡ፣ "እንግዶቼን ማን ያበላልኛል?" ሲሉ ታየኝ።

ሚስ ፌርሊ ግን አልጨረሰችም። "የጽዳት ኬሚካሎቹን የት ነው የምታስቀምጡት?" አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ከደረጃው ሥር ያለውን በር ከፈተችው። መጥረጊያውን ወደ ጎን ስታደርግ በፎጣ የተጠቀለለው ነገር ተንሸራቶ ከባልዲው ጋር ተላተመ።

ድምፁ ከፎጣው ውስጥ ታፍኖ ወጣ፣ እንደ ሳል። ግን ወጣ።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። "ይህ ምንድን ነው?" ብላ ፎጣውን ገለጠችው። በዚህ መሀል ከኋላችን ወንበር ተንቋቋ። ሚስስ ብራዶክ ያለማንም እርዳታ ተነሥተው ቆመዋል።

"ደወሌ!" አሉ። "ማን ነው ደወሌን እዚህ የወተፈው?"

"ሚስስ ብራዶክ፣ እኔ..."

"አንቺ ነሽ፣ ሎርና? እንግዶቼን በረሃብ ልትጨርሺ? እኔ እዚህ ተቀምጬ ደወሌ እስኪገኝ እጠብቃለሁ፣ አንቺ ከመጥረጊያ ጋር አስተኝተሽዋል! ባለቤቲቱ እንግዶቿ ሳይጠሩ ቀድማ ትብላ? በየትኛው አገር ነው?"

ገና ነው። እስከዛሬ ሲነግሩኝ የኖሩት ይህን ነበር። ደወሉ አልተመታም፤ ስለዚህ ምሳ አልደረሰም፤ ስለዚህ አይበላም። እኔ ሐኪም ስጠራ፣ ደም ሳስመረምር፣ መድኃኒቱ ከደረጃው ሥር ነበር፤ ያስቀመጥኩትም እኔ ራሴ ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ደወሉን በሁለት እጄ ያዝኩላቸው። ዱላውን ተቀብለው መቱት፤ ያ ቀጭን ክንዳቸው ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ቤቱ ተርገበገበ። ላይ ቤት በሮች ተከፈቱ። "ተመስገን፣ የኛ ሰዓት መጣ!" አሉ ሚስተር ኩምብስ። በየቀኑ እየተለመኑ፣ እየተጎተቱ የሚመጡት ሽማግሌዎች በራሳቸው እግር፣ በምርኩዝ፣ ግድግዳ ተደግፈው መጡ። ደንካን ፓዩን ይዞ ብቅ ሲል ሁሉም ተቀምጠው ስላገኛቸው ደንግጦ ቆመ።

ሚስስ ብራዶክ ሁሉም መቀመጡን አይተው በመጨረሻ ተቀመጡ። በሉ። ሥጋውን፣ ድንቹን፣ መረቁን፣ ቅርፊቱን ሳይቀር በሉ። ዓይኔን በፎጣው ጠረግኩ።

"አንቺ!" አሉ ድንገት በር ላይ ወደቆመችው ሚስ ፌርሊ ሹካቸውን ቀስረው። "በእርጥብ ጫማ ምንጣፌ ላይ አትገተሪ። ወይ ተቀመጪ፣ ወይ ውጪ!"

ሚስ ፌርሊ ተቀመጠች። ሻይ ብቻ ጠጣች።

ከምሳ በኋላ ቢሮዬ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

"ለምን ደበቅሽው?" አለችኝ።

"እናንተን ፈርቼ።"

"የአምናው ሪፖርት ያለውን አንብቤዋለሁ። እኛ የምንመጣው ለአንድ ቀን ነው፤ የምናየው ምን እንደሆነ ሳናውቅ የምንጽፍም አለን። አንቺ ግን ዓመቱን ሙሉ ከሳቸው ጋር ነሽ። ማወቅ የነበረብሽ አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ" አልኩ። ምን ይባላል? እውነቷን ነው። ከጸደይ ጀምሮ እጦር የነበረው ሚስስ ብራዶክን ሳይሆን ያልመጣች ተቆጣጣሪን ነበር።

"ይህን እጽፈዋለሁ።"

"ይጻፉት። ቤቱ ይዘጋል?"

"ደረጃውን ዛሬ መናገር አልችልም።" ጃንጥላዋን አነሣች። "እኔ ግን በየቤቱ ራሴን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። እናቴን እዚህ አስቀምጣታለሁ ወይ? ጠዋት መልሴ 'አይሆንም' ነበር።"

"አሁንስ?"

"ደወሉን ቦታው መልሺው" ብላ ወጣች። ሚስስ ብራዶክ ከኋላዋ "የመክሰስ ሻይ ሳይደርስ እንዳትመለሺ፣ በሩ ዝግ ነው!" አሏት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ አልናገረው። ፖስተኛው በራችንን ባለፈ ቁጥር በመስኮት አጮልቄ አየው ነበር። ሚስስ ብራዶክ እየበሉ ጉንጫቸው ሲሞላ፣ እኔ በተራዬ ምግብ አልወርድልሽ አለኝ። እሳቸው ወዝ ባገኙ ቁጥር ደግሞ ፍርሃቴ ባሰ፤ አሁን ቢነቀሉ እኮ የሚነቀሉት ገና ካገገሙ በኋላ ነው።

ሪፖርቱ ሲመጣ ከደረጃው ግርጌ፣ ከደወሉ ሥር ቁጢጥ ብዬ አነበብኩት። ቤቱ "ጥሩ" ተብሏል። ከአንድ ነገር በቀር፤ አመራሩ "መሻሻል ያስፈልገዋል" ይላል፤ ምክንያቱ ደወሉን መደበቄ እንደሆነም ተጽፏል። ባለንብረቱ አይዘጋውም። ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ ደግሜ ከመጀመሪያው አነበብኩት።

"ሠራተኛ በእንግዳ ደረጃ ላይ አይቀመጥም" አሉ ሚስስ ብራዶክ ከላዬ ቆመው። "ምንድን ነው የምታነቢው?"

"ባለፈው በዝናብ የመጣችው እንግዳ ናት፣ እመቤቴ። አስተያየቷን ልካለች።"

"ምን ትላለች?"

"ቤቱ ጥሩ ነው ትላለች። ሠራተኛዋ ሎርና ግን አጥፍታለች ትላለች።"

"እሱንስ መች አጣሁት" አሉ።

"ታዲያ ትባረር?"

ቀና ብለው ደወሉን አዩት። በሹራባቸው እጅጌ ጠርዙን ጠረግ አደረጉት፤ ክሩ የተፈታው ቀለበታቸው ጣታቸው ላይ ልክክ ብሏል።

"መልሳዋለች እኮ" አሉ። "ትቆይ።"