የአክስቴ መዳፍና ሃያው ሙከራ

አክስቴ በመዳፏ በሽታ ታውቃለች። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚለው። እጇን ከሰውየው ገላ አንድ ስንዝር አርቃ ትዘረጋለች፤ ሕመሙ ያለበት ቦታ ስትደርስ ያቃጥላታል፤ ከዚያ «ትስበዋለች»። እኔ ደግሞ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ወሬ ስሰማ ደሜ ይፈላል።

እስከዚያ ቀን ግን ችዬው ኖሬ ነበር። ነገሩ የከረረው በእናቴ ነው። አንገቷ ላይ እብጠት ወጣባት፤ ሐኪሙም «ሳይቆይ መውጣት አለበት» ብሎ ለሐሙስ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ሰጣት። አክስቴ በየቀኑ እየመጣች መዳፏን ትዘረጋና «ዛሬ ከትናንት ቀዝቅዟል» ትላታለች። እናቴ ቀጠሮውን ልትሰርዝ ሆነ።

«እንፈትንሽ» አልኳት አክስቴን፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ በራ።

«እንዴት አድርገሽ?»

በሁለቱ ክፍሎች መሃል ባለው በር ላይ አንሶላ ሰቀልኩ። እናቴና ወንድሜ ጫማቸውን አውልቀው ከወዲያ ገቡ። አክስቴ ፊቷን ስታዞር እኔ ሳንቲም እወረውርና የአንሶላውን ጫፍ ገለጥ አድርጌ በጣቴ አሳያቸዋለሁ፤ አንድ ጣት ከሆነ እናቴ፣ ሁለት ከሆነ ወንድሜ ከአንሶላው ጀርባ ይቀመጣል። አክስቴ መዳፏን ዘርግታ፣ የእናቴ ሕመም ካቃጠላት «አለች»፣ ካላቃጠላት «የለችም» ትላለች። ሃያ ጊዜ። ስንት ማግኘት አለባት በሚለው እንደ ገበያ ተከራክረን አሥራ አምስት ላይ ተስማማን።

«ካላገኘች ኦፕራሲዮን እገባለሁ» አለች እናቴ። «ካገኘች ግን ሁለተኛ ሆስፒታል እንዳትሉኝ።»

አክስቴ አሥራ ስምንት አገኘች።

እናቴ እያጨበጨበች ወጣች። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። እውነቱን ልናገርና ፈራሁ፤ ከፍርሃቱ በላይ ግን እንዴት እንደሆነ የማወቅ ፍላጎት አንገበገበኝ። ወረቀቴን ደጋግሜ አየሁት። የሳተችው ዘጠነኛውንና አሥረኛውን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ምን ነበር? ስልኬ ጠርቶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሳንቲሙን እንደወረወርኩ ጀርባዬን ሰጥቻት፣ ወደ መስኮቱ ዞሬ ነው ያወራሁት።

«አክስቴ፣ ይቅርታ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት። «መልሱን እያወቅሁ ፊት ለፊትሽ ተቀመጥኩ። ምናልባት ያነበብሽው የኔን ፊት ይሆናል።»

«አሸንፋለች፣ በቃ!» እናቴ ጮኸች። «ስትሸነፊ ሕግ ትቀይሪያለሽ? ድሮም አመልሽ ነው!»

አክስቴ እጇን አነሳች። «ቆዪ እስቲ አንቺ። እኔም እኮ ማወቅ እፈልጋለሁ። ፊቷን ልይ አላልኩም፤ ሳይታወቀኝ አይቼ ይሆን እንዴ?»

በሁለተኛው ዙር ሳንቲሙን የሚወረውረው ወንድሜ ሆነ፤ ከወዲያ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ትራስ ላይ። ውጤቱንም እዚያው ይጽፋል። እኔ የአክስቴን መልስ ብቻ እመዘግባለሁ። አክስቴ በዚህኛው ዙር በጣም ቆየች። እጇን ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች፣ ቀና ብላ ታየኛለች። እኔም እንደሷው ግራ ገብቶኝ አያታለሁ። ሲያልቅ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረግናቸው።

ዘጠኝ።

«በግምትም ይሄው ነው» አለ ወንድሜ፤ ገላመጥኩት። አክስቴ መዳፎቿን እያገላበጠች አየቻቸው። አንጀቴን በላችው።

«ያቃጥለኛል እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ውሸቴን አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

ተነስታ እናቴ አጠገብ ተቀመጠች። «እንግዲያው "ቀዝቅዟል" ያልኩሽም ፊትሽን እያየሁ ነው ማለት ነው። ምን ብለሽ ነበር የምታዪኝ?»

እናቴን እንባ ቀደማት። «ኦፕራሲዮኑን ፈርቼ ነው፣ እትዬ። ቀዝቅዟል እንድትይኝ እየለመንኩሽ ነበር።»

«ለካ ልመናሽን ነው የምሰማው፤ እኔ በሽታው መስሎኝ» አለች አክስቴ። እጇን ያዘቻትና፣ ሐሙስ በስንት ሰዓት መድረስ እንዳለባቸው ጠየቀችኝ።