የደግሰው ቢጫ ማሽን

ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ደግሰው ያላንጸባረቀው ባጃጅ ካለ ገና ከፋብሪካ ያልወጣ ነው። ዕድሜው አርባ ስምንት ቢሆንም እሱ ልጃገረድ ስታልፍ ሠላሳ ስምንት፣ ክብር ሲያምረው ደግሞ ስድሳ ያደርገዋል። ወደ ወልድያ በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለችው ላቫጆ አንድ የውኃ በርሜል፣ አንድ ሶኬትና አንዲት ቢጫ ማሽን አሉት። ማሽኗ ከወልድያ የገዛት፣ የሠራት እንኳ ስሙን ሊጽፍባት ያፈረባት ርካሽ ማፖለሻ ናት። ሻጩ የሰጠው ዋስትና «ይቅናህ ወንድሜ» የሚል ብቻ ነበር።

ደግሰው ግን በሳምንቱ ገድሏን ለከተማው አዳርሶ ጨረሰ። ስፖንጅ ሲገጠምላት መኪና ትወለውላለች፤ ዲስክ ሲገጠምላት ብረት ትቆርጣለች፤ ቤት ስትገባ የበር ሳንቃ ትልጋለች። «የልጅ ልጆቼ ናቸው የሚወርሷት!» ይላል፣ ልጅ እንኳ ሳይኖረው።

ያላወራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቤቱ ውስጥ የአልጋ እግር ሲልግባት ማብሪያዋ ተጣብቆ አልጠፋም አለ። ፍጥነቷን ቁጥር አንድ ላይ ቢያደርገውም ስድስት ላይ ቢያደርገውም ጩኸቷ ያው ነው። ከእጁ አመለጠችና ወለሉን እንዳበደ ፍየል ትዞረው ጀመር። ሚስቱ ትርፌ አልጋ ላይ ወጥታ የማርያምን ስም ስትጠራ፣ እሱ በደረቱ ተስቦ ገመዱን ከሶኬት ነቀለው።

«ይህን ለሰው እንዳታወሪ» አላት እያለከለከ።

«ምን ብዬ ላውራ? ለልጅ ልጆቻችን የተቀመጠው ውርስ ሊፈጀኝ ነበር ልበል?»

በማግስቱ ላቫጆው ላይ ሲሞክራት ደህና ሠራች። ደግሰውም ዝም አለ። ያን ሁሉ ካወራ በኋላ ምን ብሎ ይመለስ?

ሐሙስ ረፋድ ላይ ምትኩ ሚኒባሱን ይዞ መጣ። ምትኩ ከሰቆጣ አምደወርቅ የሚመላለስ ሹፌር ነው፤ ከደግሰው ጋር አብረው ነው ያደጉት። አንድያ ልጁ ምሕረት በአሥራ ሰባት ዓመቷ ታማ ከሞተች ቅዳሜ ዓመት ይሞላታል። ለሙት ዓመቷ ፃግብጂ ያሉትን ዘመዶች የምታመጣው ይህችው ሚኒባስ ናትና በአቧራ እንደተለወሰች እንድትሄድ አልፈለገም።

በሹፌሩ በር ላይ፣ ከመስታወቱ ዝቅ ብሎ፣ ምሕረት በእጇ የጻፈችው ጽሑፍ አለ። ከቤታቸው መስኮት በተረፈ ሰማያዊ ቀለም «ቀስ በል አባዬ» ይላል። ቦታ አልበቃት ብሎ የመጨረሻዋን ፊደል አሳንሳ እጀታው ሥር ሸጉጣታለች። ደብተሮቿን እናቷ ማየት ቢያቅታት ለዘመድ ልጆች በትናቸዋለች። ምትኩ ዘንድ የቀረ የእጇ ጽሕፈት ይኸው ብቻ ነው፤ በየማለዳው በሩን ሲከፍት በአውራ ጣቱ ዳሰስ ሳያደርገው አይገባም።

«ሁሉንም ወልውል» አለ ምትኩ። «ይህችን ጽሑፍ ግን በማሽን እንዳትነካ። በጨርቅ፣ በእጅህ።»

«አንተ ሰው! ይህች ማሽን እኮ የተኛ ሕፃን ሳይነቃ ጉንጩን ትወለውላለች!»

«አውቃለሁ። በእጅህ።»

«ምሕረት ለእኔም ልጄ ነበረች። በእጄ አልኩህ።» ይህን ሲል ቅንጣት አላጋነነም።

ምትኩ ጧፍ ሊገዛ ወደ ገበያ ወረደ። ደግሰው ኮፈኑን መስተዋት አድርጎ አበራው፤ ላሊበላ ያለ ሰው ፊቱን ሊላጭበት ይችል ነበር። የሹፌሩ በር ጋ ሲደርስ ማሽኗን አጥፍቶ አስቀመጠና ጨርቅ አነሳ። ምትኩን ተከትሎ የመጣው የባጃጅ ሹፌር አስማረ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል።

«ጋሽ ደግሰው፣ ጨርቅ ያዙ እንዴ? ያቺ የሕፃን ጉንጭ የምትወለውለው ማሽን ፊደል ትፈራለች?»

«እሷ? እሷ አንበሳ አትፈራም!»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ጨርቁን አይቼ ነው።»

ደግሰው ጨርቁን ጣለው። በጽሑፉ ዙሪያ ፕላስተር ለጠፈና ማሽኗን አነሳ። ጠርዙን ብቻ ነው፣ ፊደሉን አልነካም አለ ለራሱ። እውነትም ጠርዙ ድረስ በሰላም ሄደ። እዚያ ሲደርስ ሊያጠፋት ማብሪያዋን ቢጫነው አልጠፋም አለች። ረፋዱን ኃይሉ አንሶ ሲያነክስ የቆየው መብራት በዚያችው ቅጽበት ሞልቶ መጣ። ማሽኗ ጮኸች፤ ፕላስተሩ ስፖንጁ ላይ ተጠቀለለ። ከበሩ ማንሳት ሲገባው፣ ደንግጦ ማብሪያዋን በአውራ ጣቱ ሲታገል ይበልጥ በሩ ላይ ተጫናት። አስማረ ሮጦ ገመዱን እስኪነቅል የፈጀው ሦስት ትንፋሽ ቢሆን ነው።

በሩ ላይ የተላጠ ግራጫ ብረት ቀረ። ከጽሑፉ የተረፈችው እጀታው ሥር የተሸጎጠችው «ዬ» ብቻ ናት። ሰማያዊው ቀለም ዱቄት ሆኖ የደግሰው ሸሚዝ ላይ ተበትኗል። ሊያራግፈው እጁን አነሳና መልሶ አወረደው።

ምትኩ ጧፉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ተመለሰ። በሩን አየው። ጧፉን ወንበሩ ላይ በቀስታ አኖረና የተላጠውን ቦታ ብዙ ጊዜ ዳሰሰው።

«መብራቱ ነው አይደል? ገበያውም ውስጥ ድንገት ሞልቶ መጣ» አለ።

«መብራቱ አይደለም። ምትኩ፣ ስማኝ። ማብሪያዋ እንደተበላሸ አውቅ ነበር። ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እያወቅኩ ነው የሰካኋት። በእጅህ ብለኸኝም ልታይ ልታይ ብዬ ነው።»

ምትኩ ቀና ብሎ አየው። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ደግሰው በወደደ።

«ጥፋትህንም ታጋንናለህ፣ አንተ ሰው?»

«በምሕረት ነፍስ!»

«አትማል። የማትምልበት ነገር አለህ እንዴ?»

«ና ላሳይህ፤ በዓይንህ እይ!»

ገመዱን ሰካ። ማብሪያዋን ተጫነ፤ ዞረች። መልሶ ተጫነ፤ ጸጥ አለች። ፍጥነቷን አንድ ላይ ቢያደርገው አንሾካሾከች፤ ስድስት ላይ ቢያደርገው አገሳች። አሥር ጊዜ ሞከራት። አሥሩንም ጊዜ እንደ ታዛዥ ልጅ የታዘዘችውን አደረገች። ደግሰውን ላብ አጠመቀው።

«አየህ፣ ማሽኗ ምንም አልሆነች» አለ ምትኩ፣ ትከሻውን ይዞ። «መብራት ነው። ልጄም እንዲሁ ናት የሄደችብኝ፤ የማንም እጅ የለበትም። ለእኔ ብለህ ሸክም አትፍጠር። ይቅር ብዬሃለሁ።»

«አትበለኝ! ይቅር ያልከው ሌላ ሰው ነው፤ እኔን አይደለም!»

«ቅዳሜ በጠዋት ናልኝ፤ ድንኳን የሚተክል ሰው ያንሰናል» አለና ምትኩ ሚኒባሱን አስነስቶ ሄደ።

ደግሰው እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ማሽኗን ጭኑ ላይ አደረጋት። ይጫናታል፤ ትዞራለች። ይጫናታል፤ ትጠፋለች።

«ጋሽ ደግሰው፣ በቃ ይተዋት» አለው አስማረ።

«ዝም በል። ገና መታጠፊያው ጋ አልደረሰም፤ ብጠራው ይሰማኛል» አለና ማሽኗ ላይ አጎነበሰ። «አንዴ ተጣበቂልኝ። አንዴ ብቻ።»

ተጫናት። ጠፋች።