ሱመይራ ከኋላዬ

ካንሰርን ለመዋጋት ገንዘብ ልናሰባስብ ብዙ ሆነን ከዲላ እስከ ወርቃ በብስክሌት ስንጓዝ አገር ምድሩ የወጣው እኔን ሊያይ ነው። እህቴ ሱመይራ ግን ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ምርመራ ፈርታለች። «አንተ መኪና ሳትሳፈር ወርቃ ከገባህ እመረመራለሁ» ብላ በባጃጅ ተከተለችኝ።

ጪጩን እንዳለፍን ሰማይ የሚነካ አቀበት ገጠመኝ። እኔ ምንም አልሆንኩም፤ የደከመው ብስክሌቱ ነው።

«ከማሉ፣ ና ግባ! ቦታ አለ» አለችኝ እየሳቀች።

«አንቺ ሐኪም ቤት ግቢ!» ብዬ ወደ ኋላ መንሸራተት ስጀምር ባጃጁ ቆመ። ሱመይራ ሮጣ መጥታ ኮርቻዬን ትገፋ ጀመር።

«እንዴ! እንዳሸንፍ ነው?»

«ለሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ። አብረኸኝ ትሄዳለህ፤ አሁን ዝም ብለህ ርገጥ!»

ከዚያማ ንስር እንኳ አልደረሰብኝም።